የበሬው ጫንቃ ይታያል፤ የባለቤቱስ?

ማለዳ ወደ ማሳው የወረደ አርሶ አደር ቀንበሩን ከማሳረፉ በፊት የበሬዎቹን ጫንቃ በእጁ ይዳብሳል። ያበጠ፣ የተላጠ ወይም የቆሰለ ቦታ ካገኘ ያን ቀን አይጠምድም። የግድ ከሆነበትም ቀንበሩ የሚያርፍበትን ቦታ በቆዳ ወይም በጨርቅ ያለሰልሳል፤ አለዚያም ከጎረቤት በሬ ይለምናል። ይህን ለማድረግ ሥልጠና አልወሰደም፤ ከአባቱ ያየው ነው። ጫንቃው የቆሰለ በሬ ዛሬ በግድ ቢሠራ ነገ ጨርሶ እንደሚተኛ፣ በሬው ሲተኛ ደግሞ ማሳው ጦም እንደሚያድር ጠንቅቆ ያውቃል።

የራሱን ጫንቃ ግን ማንም አይዳብስለትም። ማጅራቱ ሲደነድን፣ ትከሻው ሲከብደው፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል እንደ ምስማር የሚወጋ ሕመም ወራትና ዓመታት ሲቆይበት “የሥራ ነው” ብሎ ያልፈዋል። እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ሃያ ሊትር ውኃ አዝለው ዳገት ሲወጡ ኖረው አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው፣ ሌሊት በየትኛው ጎን እንደሚተኙ የጨነቃቸው እናቶች በየቀበሌው አሉ። ስንት እንደሆኑ መዝግቦ የያዘ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማግኘት ግን ይከብዳል።

የግብርናው ዘርፍ የሚታረሰውን መሬት በሄክታር፣ የሚቀርበውን ማዳበሪያና የሚሰበሰበውን ምርት በኩንታል እያለ በየዓመቱ ይቆጥራል። መቁጠሩም ተገቢ ነው። ሆኖም ያን ሁሉ ሄክታር የሚያርሰውና የሚያርመው፣ ያን ሁሉ ኩንታል የሚሸከመው ጀርባ በዕቅድም በሪፖርትም ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም። የአርሶ አደሩ የማይለቅ የአንገትና የላይኛው ጀርባ ሕመም የዕድሜ ወይም የዕድል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ከአሠራር የሚመጣ፣ አሠራርን በማስተካከልም የሚቀንስ ሕመም ነው። ስለሆነም የጤና ጣቢያው ብቻ ሳይሆን የግብርና ጽሕፈት ቤቱም የራሱ ሥራ አድርጎ ሊይዘው ይገባል።

ለመሆኑ ሕመሙ ከየት ይመጣል? የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህን ክብደት የአንገት አጥንቶች ይቀበሉታል። አንገት ወደ ፊት ሲደፋ ግን ጭንቅላቱን ይዘው የሚያቆዩት ከማጅራት እስከ ጀርባ የተዘረጉት ጡንቻዎች ናቸው። ውኃ የሞላ ቅል ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ እኩል እንዳልሆነ ሁሉ፣ አንገት ይበልጥ በደፋ ቁጥር ጡንቻው የሚችለው ክብደት ይጨምራል። ጡንቻ ይህን ለአጭር ጊዜ ይችላል። ሳያርፍ ለሰዓታት ሲወጠር ግን ይደክማል፣ ይደነድናል፣ ያማል። በየቀኑ ለወራት ሲደጋገም ደግሞ ሕመሙ ሥራው በቆመበት ሰዓት እንኳ የማይለቅ ይሆናል። የሕክምና ባለሙያዎች ከሦስት ወር በላይ የቆየን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል።

በአንገትና በትከሻ ላይ ጫና በማሳደር የእርሻን ሥራ የሚያህል ጥቂት ነው። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን ጨብጦ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ፣ ዓይኑን ከማረሻው ሳይነቅል አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። በትልምና በትልም መካከል ያለው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ነው ቢባል አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ 50 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። የጤፍ ማሳ ደግሞ ተደጋጋሚ እርሻ ይፈልጋል። አራት ጊዜ ቢታረስ ጉዞው 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ሁሉ መንገድ ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር በነካ ቁጥር የእርፉ ምት የሚያርፈው ክንድና ትከሻ ላይ ነው።

እርሻው አልቆ ዘሩ ሲበቅል አረም ይተካል። የጤፍ አረም፣ የፎገራ ሜዳ የሩዝ አረም፣ የመስኖ ሽንኩርት ኩትኳቶ ሁሉም ጎንበስ ብሎ መዋልን ይጠይቃል። እናት ልጇን አዝላ ስታርም ከራሷ ክብደት ላይ ሌላ ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ግራም ትከሻዋ ላይ አለ። ከአረም በኋላ አጨዳ ይመጣል፤ ማጭድ እንደገና አጎንብሶ ያውላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሸክሙ አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን የሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ጀሪካኑ በገመድ ተይዞ ሲታዘል ገመዱ ትከሻን ይቆርጣል። ተሸካሚዋ ሚዛኗን ለመጠበቅ ወደ ፊት ትጎነበሳለች፤ መንገዱን ለማየት ደግሞ አንገቷን ወደ ላይ ትቀለብሳለች። ጀርባ ወደ ፊት፣ አንገት ወደ ኋላ ሲሳሳቡ መካከል ላይ ያለው መጋጠሚያ ይጎዳል። የማገዶ እንጨት ሸክምም ያው ነው። በጀርባ የሚታዘለው የጸረ አረምና የጸረ ተባይ መርጫ 15 ወይም 20 ሊትር ሲሞላ ከጀሪካኑ አይተናነስም። የሚለየው አንድ እጅ ሳያቋርጥ መወዝወዙ፣ ሌላው እጅ ደግሞ ተዘርግቶ መዋሉ ነው።

ወደ ማዳበሪያው ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የሚወጣው የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ነው። በእህል መጋዘንና በገበያ አካባቢ ደግሞ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኩንታል በአንድ ወጣት ማጅራት ላይ ሲወጣ ማየት አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በሰው ኃይል የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ግራም ከበለጠ በፍጥነት ወደዚያ ዝቅ እንዲደረግ፣ የሴቶች ደግሞ ከዚያ በእጅጉ እንዲያንስ ጠይቋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት አነሣሡ እጅግ ምቹ በሆነበት ሁኔታ እንኳ መነሻ ያደረገው 23 ኪሎ ግራምን ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ሲሚንቶ በ25 ኪሎ ግራም ከረጢት የሚሸጠውም የሠራተኛው ጀርባ ስለታሰበ ነው። በእነዚህ መለኪያዎች ሲታይ 50 ኪሎ ግራም ለአንድ ሰው የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ 100 ኪሎ ግራም ደግሞ ከጠርዙ ያለፈ ነው።

“አባቶቻችንም እንዲሁ ሠርተው አልፈዋል” የሚል መልስ በየመንደሩ ይሰማል። እውነት ነው፣ ሠርተዋል። ግን ስንቶቹ ቀና ማለት አቅቷቸው በከዘራ ተደግፈው እንደቀሩም መንደሩ ያውቃል። በዕድሜ ብቻ የጎበጠ ጀርባ እንዳለ ሁሉ በሸክም የጎበጠም አለ። ሁለቱን “እርጅና ነው” ብሎ መጠቅለል ሊድን የሚችለውን ሰው መርሳት ነው።

ጉዳዩ የምርት ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የአባወራው ትከሻ በሐምሌ ቢያዝ ማሳው አይጠብቀውም። አረሙ በጊዜው ካልታረመ ሰብሉን ይሻማል። ስለዚህ ወይ የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ወይ ልጅ ከትምህርት ይቀራል፣ ወይ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። የእናትየዋ አንገት ሲያዝ ውኃውና እንጨቱ ወደ ትልቋ ሴት ልጅ ይዞራል። ለመድኃኒት በግ ይሸጣል። ይህ ሁሉ በወረዳው ሪፖርት ላይ “የአንገት ሕመም” ተብሎ አይጻፍም። የሚጻፈው “በጊዜ ያልታረመ ማሳ”፣ “ከዕቅድ በታች የሆነ ምርት”፣ “ያቋረጡ ተማሪዎች” ተብሎ ነው። መንስኤው ሳይጠራ ውጤቱ ብቻ ይቆጠራል።

ሕመሙ ሲጸና ደግሞ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ያሳስባል። አንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ክኒንና መርፌ ነው። ዲክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች በባለሙያ ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱ ይጠቅማሉ። አርሶ አደሩ ግን መርፌውን ተወግቶ ሕመሙ ሲታገሥለት በማግስቱ ያንኑ ሸክም ይሸከማል፤ ሲመለስበት እንደገና ይወጋል። በዚህ ዓይነት ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ያባብሳሉ። ሕመሙን ዝም ያሰኙታል እንጂ ያመጣውን አሠራር አያስተካክሉም። ሌላው መንገድ አንገትን በኃይል ማስጠምዘዝ ነው። በወጌሻ እጅ ብዙ ሰው እንደተረዳ ባይካድም፣ አንገት ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮችና ኅብለ ሰረሰር አሉ። በኃይል የተጠመዘዘ አንገት ሊመለስ የማይችል ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ይህ ሊቀር ይገባል።

ሦስተኛው ስህተት ተኝቶ መክረም ነው። የታመመ አንገት ከባድ ሸክምን እንጂ እንቅስቃሴን መሸሽ የለበትም። ለሳምንታት የተኛ ሰው ጡንቻው ይላላል፤ ሲነሣ ያው ሸክም ከበፊቱ ይበልጥ ይከብደዋል። ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ሸክሙን ቀንሶ፣ ቀላል ሥራውን እየሠራ፣ አንገቱንና ትከሻውን በየቀኑ ማሠራት ነው። እንቅስቃሴዎቹ ቀላል ናቸው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገጭን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አምስት ያህል እስኪቆጥሩ መቆየት፣ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ማቀራረብና መልቀቅ፣ ትከሻን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ማዞር፣ አንገትን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ነው። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ያህል፣ ጠዋትና ማታ መሥራት ይቻላል። ሕመሙን የሚያባብስ ካለ እሱን መተው ነው። ሙቅ ውኃ የነካው ጨርቅ ማሳረፍም የደነደነ ጡንቻን ያፍታታል። በደረት ተኝቶ አንገትን አጣምሞ ማደርና ከመጠን በላይ ከፍ ያለ ትራስ ሕመሙን ያቆዩታል። እነዚህ በአንድ ቀን ተአምር አይሠሩም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ለሳምንታት ሲደጋገሙ ነው ውጤታቸው የሚታየው።

ሆኖም የአንገትና የጀርባ ሕመም ሁሉ የሸክም አይደለም። ቸል ሊባሉ የማይገባቸው ምልክቶች አሉ። ክንድ ወይም እጅ ከደነዘዘና ዕቃ መጨበጥ ካቃተው፣ እግር ከተሳሰረ ወይም አካሄድ ከተዛባ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካስቸገረ፣ ሕመሙ ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ ከጀመረ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ድንገተኛ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከጀርባ ሕመም ጋር ሲታይ የአከርካሪ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ከእንስሳት ጋር የሚውሉና ያልተፈላ ወተት የሚጠጡ ሰዎች ደግሞ ትኩሳትና የጀርባ ሕመም የሚያስከትለው ብሩሴሎሲስ ሊይዛቸው ይችላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ “የሥራ ነው” የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ሸሽጎ እንዳይዝ መጠንቀቅ ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ደግሞ ሕመሙ ሳይጸና ለመታየት የገንዘብ ምክንያት ሊያግደው አይገባም።

ይህ የሕክምናው ወገን ነው። የወረዳው አመራርና የግብርና ባለሙያው ድርሻ ግን ከሕመሙ በፊት ይጀምራል። ለዚህም አዲስ ተቋም ማቋቋምም ሆነ ትልቅ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው የሸክሙን መጠን ማሳነስ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። አርሶ አደሩ የገዛውን 50 ኪሎ ግራም ማዳበሪያ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ለሁለት ከፍሎ ቢያሥር ሁለት 25 ኪሎ ግራም ይሆንለታል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ከረጢትና ገመድ ነው። ማዳበሪያውን በአህያ ለሚጭንም ግራና ቀኝ እኩል ስለሚሆን ይመቻል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ባዶ ከረጢት ሰብስበው ደጃፉ ላይ ቢያዘጋጁ ለአባላቸው ትልቅ አገልግሎት ነው። ዩኒየኖችና ግብዓት አቅራቢዎች ደግሞ በቀጣይ 25 ኪሎ ግራም ከረጢት የሚቀርብበትን መንገድ ሊያጠኑ ይገባል። ጀሪካንም እንዲሁ ነው። አንድ ሃያ ሊትር ከማዘል ሁለት አሥር ሊትር በሁለት እጅ ይዞ መሄድ ወይም በሁለት ሰው መካፈል ጫናውን ያመዛዝናል።

ሁለተኛው ሸክሙ ከመሬት የሚነሣበትን ቦታ ማስተካከል ነው። ጀርባና አንገት አብዝተው ከሚጎዱባቸው ጊዜያት አንዱ ሸክሙ ከመሬት የሚነሣበት ቅጽበት ነው። በየውኃ ቦኖው፣ በየምንጩና በየመጋዘኑ ደጃፍ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ቢሠራ እናትየዋ ጀሪካኑን እዚያ ላይ አስቀምጣ፣ ዞር ብላ ጀርባዋን አስጠግታ ማዘል ትችላለች። መርጫውን የሚሞላ ወጣትም ከመሬት አያነሣም። በየዓመቱ በሕዝብ ተሳትፎ ስንትና ስንት ኪሎ ሜትር የተፋሰስ እርከን የሚሠራ ማኅበረሰብ ለአንድ ቦኖ ሦስት ሜትር ካብ ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የጎደለው ያሰበበት ሰው ነው።

ሦስተኛው ጀርባን በመንኮራኩር መተካት ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። አህያ ያለው ቤት ውስጥ አህያዋ ለገበያ ቀን ብቻ ስትጫን፣ የዕለት ውኃው በሴቶች ጀርባ ሲመጣ ማየት ግን የተለመደ ነው። ይህ የአቅም ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ነው፤ ልማድ ደግሞ በቤተሰብ ውይይት ይቀየራል። አህያ ለሌለው ቤት ጎረቤታሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የእጅ ጋሪ ሊሠራ ይችላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለሠልጣኞቻቸው የተግባር ሥራ ሲሰጡ ለወረዳቸው መንገድና ዳገት የሚስማማ የእጅ ጋሪ፣ ሰፊ ማንገቻ ያለው የጀሪካን ማዘያና የሚገፋ ማረሚያ ቢያስቡ ትምህርታቸው ማሳ ላይ ይታያል።

አራተኛው የመሣሪያው ነገር ነው። ዛቢያው ያጠረ መኮትኮቻ ሰውን ያጎነብሳል፤ ዛቢያውን ማስረዘም ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። የእርፉ ቁመት ለአራሹ ቁመት መስማማት አለበት። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እርፍ ለልጁ አጭር ሊሆን ይችላል። በትልሙ መጨረሻ በሬዎቹ ሲዞሩ እጅን መቀያየር፣ አንገትን ቀና አድርጎ ጥቂት መተንፈስ ሥራውን አያዘገይም። በመስመር የተዘራ ማሳ በቁም ለሚገፋ ማረሚያ ስለሚመች፣ የመስመር ዘር ጥቅም ሲነገር ከምርቱ ጋር የጀርባውም ዕረፍት ቢነገር አርሶ አደሩ የሚሰማበት ሌላ ጆሮ ያገኛል። መርጫውን የሚያዝል ሰው ሁለቱንም ማንገቻ አስተካክሎ ማጥበቅ፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ብቻ መሙላት ይችላል።

አምስተኛው መመዝገብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትሄድ “ከሦስት ወር በላይ የቆየ የአንገት፣ የትከሻ ወይም የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው አለ?” የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጨምር ወረዳው በአንድ ወቅት ውስጥ የራሱን ገጽታ ያገኛል። በየቀበሌው የሚገኘው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሲያሠለጥን ስለ ሸክም አነሣሥ ግማሽ ሰዓት ቢመድብ ከሥልጠናው የሚጎድል የለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ወረዳዎች ከእነዚህ ባለሙያዎች ጋር ተገናኝተው ለግብርናና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻቸው አጭር ሥልጠና ቢያዘጋጁ እውቀቱ በአንድ ክረምት ቀበሌ ይደርሳል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። አንዱ የጊዜ ጥያቄ ነው። ሸክሙ ሲከፈል ምልልሱ ይበዛል፤ ዝናብ ጠብቆ የሚዘራ ሰው ደግሞ ምልልስ የሚጨምርበት ጊዜ የለውም። ይህ ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ በተለይ መጋዘኑ ከመንደሩ ለሚርቅበት ሰው። መልሱም ማዳበሪያውን ወደ ቀበሌ ማቅረብና ቀድሞ ማሰራጨት ነው። ግብዓቱ በበጋ ከደረሰ አርሶ አደሩ በእጁም በአህያውም ተረጋግቶ ያመላልሳል። በሰኔ አጋማሽ ከደረሰ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን በማጅራቱ ይጭናል። በዚህ መልኩ ሲታይ የማዳበሪያ መዘግየት በሰብሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰውየው አንገት ላይም የሚታይ ጉዳት ነው።

ሌላው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ “ይህ የጤና ነው”፣ ጤናው “ይህ የሥራ ነው” ሊል ይችላል። በቅጥር ውል የሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይመለከተዋል። በራሱ ማሳ የሚሠራውን አርሶ አደር ግን “ይህን ያህል አትሸከም” የሚለው አሠሪ የለውም። ስለዚህ የሚያስብለት የመንግሥት መዋቅር ካልኖረ ማንም የለውም። በወረዳ ደረጃ ግብርናው፣ ጤናው፣ ውኃውና የኅብረት ሥራው በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት መድረክ አለ። በዚያ መድረክ ላይ አንድ አጀንዳ መጨመር የአንድ ኃላፊ ውሳኔ ነው። ከኮምፒዩተር ላይ ሲያቀረቅር ውሎ ማታ ማጅራቱን የሚያሽ ኃላፊ ደግሞ ሕመሙ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ለእርሱ ወንበሩን ማስተካከል ይበቃው ይሆናል፤ ለአርሶ አደሩ ግን የሚስተካከለው የውኃው ቦታ፣ የከረጢቱ መጠንና የዛቢያው ርዝመት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቤት ውስጥ የሚጀመር ነገር አለ። አባወራው የበሬዎቹን ጫንቃ ሲዳብስ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ባለቤቱ ጀሪካኑን ስታወርድ ፊቷ እንዴት እንደሚጨማደድ ይመልከት። እርሷም እርፉን የሚይዝበት ትከሻው ወደ አንድ ጎን መዘንበሉን ካየች ዝም አትበል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእሳት ብቻ አይደለም። ሕመሙ ሦስት ወር ሳይሞላው ሸክሙን ማቅለል፣ ከሞላው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ከዘንድሮ ጀምሮ ልማድ ሊሆን ይገባል።

የቀጣዩ የመኸር ዕቅድ ሲዘጋጅ በየወረዳው ስንት በሬ፣ ስንት ሄክታር፣ ስንት ኩንታል ተብሎ ይቆጠራል። ከእነዚህ ዓምዶች ጎን “ስንት ቦኖ የማውረጃና የማንሻ ካብ ተሠራለት? ስንት ማኅበር ከረጢት ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አዘጋጀ?” የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር ዕቅዱን የሚፈጽመው ሰውም በዕቅዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጫንቃው የቆሰለ በሬ እንደማይጠመድ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ጫንቃው የታመመ ሰውም ዝም ብሎ እንደማይጫን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።